ንጉሡን «እሱ» ማለት

የአሜሪካንን የነጻነት አዋጅ ወደ አማርኛ ለመመለስ የሚቀመጥ ሰው የሚቸገረው በትልልቆቹ ቃላት ይመስለዋል። ነጻነት፣ መብት፣ እኩልነት፣ የሕዝብ ፈቃድ። እነዚህን ግን ከ1966ቱ አብዮት ወዲህ በሰልፍም፣ በሬዲዮም፣ በመማሪያ መጽሐፍም ስንሰማቸው ስለኖርን ብዕር አያስቆሙም። የሚያስቆመው መሃል ላይ የሚመጣው ነው። ጽሑፉ እዚያ ሲደርስ በእንግሊዙ ንጉሥ በጆርጅ ሣልሳዊ ላይ 27 ክሶች ይደረድራል፤ አብዛኞቹ የሚጀምሩትም «እሱ» በምትል ትንሽ ቃል ነው። እሱ ለሕዝብ የሚበጁ ሕጎችን አላጸድቅም አለ። እሱ ምክር ቤቶችን በተነ። እሱ ዳኞች ደመወዛቸውን ከእጁ እንዲጠብቁ አደረገ። እንዲህ እያለ ይወርዳል። እስቲ በአማርኛ ጻፉት፤ «በተነ» ነው የምትሉት ወይስ «በተኑ»?

ይህ የሰዋስው ጨዋታ አይደለም። «በተኑ» ካልን ጽሑፉ አቤቱታ ይሆናል። ሰውየው አሁንም ከላይ ተቀምጠዋል፤ እኛም ከታች ቆመን ቅር እንዳለን እያመለከትን ነው። «በተነ» ካልን ግን ክስ ነው። በእኔ ንባብ ጽሑፉ በሙሉ የተጻፈው ለዚህ ለውጥ ሲባል ነው። ስለ ሰው ልጆች እኩልነት የሚያወራው ያ ዝነኛ መግቢያ ሳይቀር ለክሱ መንገድ ጠራጊ ነው፤ ንጉሡ ተከሳሽ ሊሆን የሚችለው መጀመሪያ ሥልጣኑን ያገኘው ከሕዝብ ነው ከተባለ ብቻ ነውና። ሐሳቡ አዲስ አልነበረም። ጆን ሎክ ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት ጽፎታል። አዲሱ ነገር ስም ጠርቶ መክሰሱ ነው።

«እንግሊዝኛ እኮ አንቱታ የለውም፤ ምን አማራጭ ነበራቸው?» የሚል ይኖራል። ነበራቸው። «ግርማዊነታቸው» ማለት ይችሉ ነበር፣ ሲሉም ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በጁላይ 1775 የአሥራ ሦስቱ ግዛቶች ጉባኤ ለዚሁ ንጉሥ የላከው ደብዳቤ «የወይራ ዝንጣፊው አቤቱታ» ተብሎ ይታወቃል። ዋናው አርቃቂ ጆን ዲኪንሰን ነበር። በማዕረግ ስም ተጀምሮ በታማኝ ተገዢነት ያልቃል፤ ጥፋቱን ሁሉ የሚጭነውም በሚኒስትሮቹ ላይ ነው። ይህ ለእኛ ጆሮ በጣም የታወቀ ዜማ ነው፦ ንጉሡ ደግ ናቸው፣ ክፉው ዙሪያቸው ነው። ንጉሡ ደብዳቤውን ሊቀበለው አልፈለገም፤ በኦገስት አመፀኞች ናቸው ብሎ አወጀባቸው። በዓመቱ ያው ጉባኤ፣ «ግርማዊነትዎ» ሲለው የነበረውን ሰው «እሱ» አለው።

በመካከል የሆነው ነገር ብዙ ነው፤ ጦርነቱም ተጀምሮ ነበር። ለሥነ ጽሑፍ አንባቢ ግን ዋናው ጃንዋሪ 1776 ላይ ፊላደልፊያ ውስጥ የወጣ አንድ ቀጭን መጽሐፍ ነው፦ የቶማስ ፔይን «ኮመን ሴንስ»።

«ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን። ተረት ብቻም አልነበረም። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት በ4ኛው አንቀጹ የንጉሠ ነገሥቱ አካል ቅዱስ፣ ክብሩ የማይደፈር፣ ሥልጣኑ የማይነካ መሆኑን በሕግ አስፍሮታል። ተረቱን ግን ልብ ብላችሁ ስሙት። ንጉሥ አያጠፋም አይልም። እንደ ሰማይ ነው፣ ማረሻ አይደርስበትም ነው የሚለው። ፔይን የጻፈው ማረሻውን ለማድረስ ነው። የእንግሊዝን ነገሥታት የዘር ሐረግ ይዞ ወደ ኋላ ይስበዋል፤ ጫፉ ላይ የሚያገኘው ከፈረንሳይ ጦር አስከትሎ የመጣ ወራሪ ነው። አባትየው ጎበዝ ቢሆን እንኳ ልጁም ጎበዝ ይሆናል ያለው ማን ነው ብሎ ይጠይቃል። ከዚያ መጽሐፍ ቅዱስን ይከፍታል። የሚከፍተው 1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 8 ላይ ነው፤ እስራኤላውያን «ንጉሥ አንግሥልን» ሲሉ ነቢዩ የተቆጣበት፣ ንጉሥ ወንዶች ልጆቻችሁን ለሠረገላው፣ እርሻችሁን ለሎሌዎቹ ይወስዳል ብሎ ያስጠነቀቀበት ቦታ። የእኛ ዘውድም የቆመው በዚያው መጽሐፍ ላይ ነው። ክብረ ነገሥት የሥርወ መንግሥቱን ዘር ከሰሎሞን ይቆጥራል፤ ሕገ መንግሥቱም ይህንኑ ደግሞታል። ሰሎሞን ጋ ስንደርስ ሳሙኤልን ዘለን ነው ያለፍነው ብል ካህናቱ ይቆጡኝ ይሆናል።

ይህን የምጽፈው ከሳቢያን ስለሆነ አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። ድሬ ላይ «አንቱ» የሚባል ነገር የለም። ሰባ ዓመት የሞላውን ጎረቤት «አንተ፣ እንዴት አደርክ?» ብሎ ማለፍ ነውር አይደለም፤ ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ ግን ይደነግጣል። ስለዚህ ጓደኞቼ «ለእኛማ ትርጉሙ ቀላል ነው፤ ጆርጅን እሱ ማለት ምን ይከብዳል» ይሉኛል። ይቺን ቀልድ እወዳታለሁ፣ ግን አልስማማም። የድሬ «አንተ» የቅርበት ነው። እግዚአብሔርንም «አንተ» ነው የምንለው፣ እናትንም «አንቺ»። ለሞቱ ነገሥታትም የታሪክ መጻሕፍት «ነገሠ፣ ዘመተ፣ ሞተ» ብለው ነው የሚጽፉት፤ ንጉሥ በአማርኛ በሰላም «እሱ» የሚሆነው ከተቀበረ በኋላ ነው። የአዋጁ «እሱ» ግን ሰውየው በሕይወት እያለ፣ ወታደሩም ደጅ ላይ እያለ የተጻፈ «እሱ» ነው። ቅርበት ሳይሆን መራቅ ነው። ደግሞስ ያው «አንቱ» የማያውቅ የድሬ ልጅ መሥሪያ ቤት ጉዳይ ሲኖረው ምን ብሎ ነው የሚጽፈው? «ለክቡር» ብሎ ይጀምራል፣ «ጉዳዩ» ብሎ ያሰምራል፣ «በትሕትና እጠይቃለሁ» ብሎ ይፈርማል። ዲኪንሰንን ልከን ያስጻፍነው ነው የሚመስለው።

ፊላደልፊያ ድረስ የሄድኩት ግን ድሬዳዋ ውስጥ ስለሠራ አንድ ሰው ለማውራት ነው። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ዓድዋ አካባቢ ተወልዶ፣ በልጅነቱ ከምጽዋ በመርከብ ወደ አውሮፓ ሄዶ፣ ጀርመንኛ ተምሮ ተመለሰ። በሕይወቱ የመጨረሻ ዓመታት የድሬዳዋ ነጋድራስ ነበር፤ የንግድና የጉምሩክ ሹም ማለት ነው። በ1911 ዓ.ም. ሲሞት ገና ወጣት ነበር፣ በሠላሳዎቹ መጀመሪያ። ዋናው መጽሐፉ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የታተመው ከሞተ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1916 ነው።

ፔይንስ? እሱም ቀረጥ ሰብሳቢ ነበር! እንግሊዝ አገር የኤክሳይዝ ሠራተኛ ሆኖ ሁለት ጊዜ ተባሯል። እ.ኤ.አ. በ1772 የጻፈው የመጀመሪያው ጽሑፉም ለቀረጥ ሠራተኞች ደመወዝ እንዲጨመር ለፓርላማ የቀረበ አቤቱታ ነው። አልተሰማም። በ1774 መጨረሻ አሜሪካ ገባ፤ በዓመት ከወር ገደማ ውስጥ ያን መጽሐፍ አወጣ። አቤት ባይነት ምን እንደሚያተርፍ ከእጁ የተማረ ሰው ነው።

ሁለት የቀረጥ ሰዎች፣ ሁለት መጽሐፍ። ገብረ ሕይወትን ከፔይን ጎን ሳነበው ደጋግሜ የሚሰማኝ የእኛው ሰው በብዙ ነገር የጠለቀ መሆኑ ነው። ፔይን ስለ ሀብት ሲያወራ እንደ ጥሩ ቀስቃሽ ነው የሚያወራው፦ እህላችን ገበያ አያጣም፣ መርከብ መሥራት እንችላለን፣ እንግሊዝ አታስፈልገንም። ገብረ ሕይወት ግን ሀብት ከምን እንደሚፈልቅ ከሥሩ ይጀምራል፤ ከሥራና ከዕውቀት። ጥሬ ዕቃ ሸጦ የተሠራ ዕቃ የሚገዛ አገር ድካሙን በርካሽ እየሸጠ የሌላውን ዕውቀት በውድ እንደሚገዛ ያሳያል። ሰንደቅ ዓላማውን የያዘ አገር ዕውቀት ላለው ሕዝብ ገባር ሊሆን እንደሚችልም ይገባዋል። በአማርኛ ለአገር ራስን መቻልም ለሰው አርነትም ያለን ቃል አንድ ነው፣ «ነጻነት»። እሱ ይህን ቃል ለሁለት ለመሰንጠቅ የታገለ ሰው ነው።

የተቀመጠበትን ወንበር ስናስብ ደግሞ ነገሩ ይብራራል። ድሬዳዋ ከባቡሩ ጋር የተወለደች ከተማ ናት። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ደረሰ፤ ከዚራን በቀጥታ መንገድ የሠመሩት የፈረንሳዩ ኩባንያ ሰዎች ናቸው። ቡናና ቆዳ ወደ ጅቡቲ ይወርዳል፣ ጨርቅ ይወጣል። ነጋድራሱ ከሚገባው ዕቃ ላይ ቀረጥ ይቀበላል። ስንት? ያን የሚወስነው ድሬዳዋም አዲስ አበባም ብቻቸውን አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ1908 ከፈረንሳይ ጋር የተፈረመው የክሎቡኮውስኪ ውል የገቢ ዕቃ ቀረጥን 10 በመቶ ላይ አስሮት ነበር። ቦስተን ውስጥ ሻይ ባሕር ላይ ያስጣለው ጥያቄ «ቀረጣችንን ማን ይወስናል?» የሚል ነው። ዓድዋ ላይ ያሸነፈች አገር የጉምሩክ ሹም ያንኑ ጥያቄ መጠየቅ የሚችልበት ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር።

ታዲያ ለምን «እሱ» አላለም?

በ1912 እ.ኤ.አ. አስመራ የታተመውን «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ»ን አንብቡት። ነገሥታቱን ይመዝናል፣ ይተቻል። ገበሬውን እየበላ ስለሚኖረው ወታደር ይናገራል። የንጉሡ የግል ገንዘብና የመንግሥት ገንዘብ ይለያዩ፣ ግብር በልክና በገንዘብ ይሁን፣ ሕግ በመጽሐፍ ይጻፍ፣ ትምህርት ይስፋፋ ይላል። በዚያ ላይ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ስለ ምኒልክ የጻፈውን ውዳሴ ይነቅፋል (የሚገርመው፣ አፈወርቅም በኋላ የዚችው የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆኗል፤ ጉምሩካችን የደራሲ ማኅበር ሳይሆን አይቀርም)። ግን ይህ ሁሉ የሚነገረው ለማን ነው? ለልጅ ኢያሱ። ይህን ያህል የሰላ አእምሮ መደምደሚያው ላይ ሲደርስ ወደ ዙፋኑ ዞሮ «እንዲህ ቢያደርጉ» ይላል። ምክር ነው። ንጉሡ መልካም ከሆነ ይሠራል፣ ካልሆነ ወረቀት ነው።

ፈሪ ነበር ለማለት አይደለም፤ ባለሥልጣኖቹን ሸሽቶ ሱዳን የተሰደደበት ጊዜ አለ። ችግሩ አንባቢ ነው። ፔይን ሲጽፍ መጠጥ ቤት ውስጥ ጮክ ተብሎ የሚነበብለት ሕዝብ ነበረው፤ ማተሚያ ቤቱም ብዙ፣ ጋዜጣውም ብዙ። «እሱ» ለማለት «እሱ» የሚባልለት ሌላ ሰው ያስፈልጋል። ስለ ንጉሡ በሦስተኛ መደብ የምታወራው ንጉሡን ትተህ ፊትህን ወደ ሌላ ሰው ስታዞር ነው። የአሜሪካው አዋጅ ፊቱን ያዞረው ወደ ዓለም ነው፤ ፍረዱን ይላል። ገብረ ሕይወት ፊቱን ቢያዞር ከኋላው ማን ነበር? ማንበብ የሚችለው ጥቂት ሰው፣ እሱም አብዛኛው የቤተ ክህነትና የቤተ መንግሥት ሰው።

አሁን ስለ አሜሪካኖቹ ማር ማር የሚለውን አፌን ትንሽ ልሰብስብ። በመጀመሪያ፣ ያን ቀረጥ የጣለው ንጉሡ አይደለም። የ1765ቱ የቴምብር ሕግም፣ የ1773ቱ የሻይ ሕግም የፓርላማው ሥራ ናቸው። አዋጁ ግን ፓርላማ የሚለውን ቃል አንዴም አይጠራም፤ ንጉሡ «ከሌሎች ጋር» ተባብሮ ብሎ ያልፈዋል። ይህ የሕግ ስልት ነው። እነ ጄፈርሰን ከ1774 ጀምሮ ያ ፓርላማ የእንግሊዞች እንጂ የእኛ አይደለም፣ የሚያገናኘን አንድ ንጉሥ ብቻ ነው ሲሉ ነበር። ገመዱ አንድ ከሆነ የሚቆረጠውም አንድ ነው። ንጉሡ ከሠራው በላይ የተከሰሰው ገመዱ እሱ ስለሆነ ነው። አዋጁ ዘውድን በጠቅላላው አያወግዝም፤ ያን ያደረገው ፔይን ነው። አዋጁ የሚለው ይህ ሰው አምባገነን ሆኗልና ውላችን ፈርሷል ነው። ሁለቱን ጽሑፎች አንድ አድርጎ ማንበብ የተለመደ ስንፍና ነው።

ሁለተኛው ነገር የሚከብደው ነው። እነዚህን ሰዎች በአማርኛ ምን እንበላቸው? «ቅኝ ተገዢዎች» ስንል ከኬንያዊውና ከአልጄሪያዊው ጎን እናሰልፋቸዋለን፤ ልባችንም ወዲያው ከእነሱ ጋር ይሆናል። ትክክለኛው ቃል «ሰፋሪዎች» ነው። እንግሊዝ በ1763 ከአፓላቺያ ተራሮች ወደ ምዕራብ አትስፈሩ ብላ ከልክላቸው ነበር፤ ከ27ቱ ክሶች አንዱ አዲስ መሬት መያዝ ከበደን የሚል ነው። ከመጨረሻዎቹ አንዱ ደግሞ ንጉሡ ባሪያዎቹንና ነባሮቹን ሕዝቦች አስነሣብን ይላል፤ ነባሮቹን የሚጠራበት ቃል አረመኔ የሚል ነው። ጄፈርሰን በረቂቁ ንጉሡን በባሪያ ንግድ ከሶት ነበር፤ ጉባኤው ሰርዞታል። ጄፈርሰን ራሱም በዕድሜው ከ600 በላይ ሰዎችን በባርነት ይዟል። «ሰፋሪ» የሚለው ቃል እኛ አገር ምን ያህል እሳት እንዳለበት ስለማውቅ ሳልፈልግ ነው የምጽፈው፤ ግን ቃሉን ካልጻፍን «እሱ» ብሎ የከሰሰው «እኛ» ማን እንደሆነ አይታየንም።

ይህን ቃል በቅጡ ያጠና አንድ ኢትዮጵያዊ ነበረ። ገርማሜ ንዋይ ኒውዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ለማስተርስ የጻፈው ጥናት በኬንያ ስለነበረው የነጭ ሰፋሪዎች ፖሊሲ ነው። ተመልሶ የወላይታ፣ ቀጥሎም የእኛዋ ጎረቤት የጅጅጋ አስተዳዳሪ ሆነ። በታኅሣሥ 1953 ከወንድሙ ከጄኔራል መንግሥቱ ጋር የክብር ዘበኛን ይዞ ተነሣ። ከዘውዱ ጋር ለመጋጨት የመጀመሪያው ዘመናዊ ጽሑፍ ይመጣል ብለን ስንጠብቅ ምን መጣ? አዋጅ በሬዲዮ። የተነበበው ግን በአልጋ ወራሹ በአስፋ ወሰን ድምፅ ነው፤ እንደ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በደመወዝ አገለግላለሁ ያለበት። ስለ ድህነትና ኋላ ቀርነት መናገሩ ደፋር ነበር። አንባቢው ግን የንጉሡ ልጅ ነው። ዘውዱን የሚተች ጽሑፍ ለመሰማት የዘውዱን አፍ መዋስ ነበረበት። በቀናት ውስጥ ገርማሜ ሞተ። መንግሥቱ ችሎት ቀርቦ በመጋቢት ተሰቀለ። ተከሳሹ ንጉሡ አልነበረም፤ ንጉሡን ሊከስ የሞከረው ነው።

1967ስ? መስከረም 2 ቀን ደርጉ ንጉሡን ያወረደበት አዋጅ የጥፋት ዝርዝር አለው፦ ሥልጣንን ለግል ጥቅም ማዋል፣ እርጅና፣ አለመቻል። ለጥቂት ደቂቃ ማረሻው ሰማይ የነካ ይመስላል። ወረድ ብላችሁ ስታዩ ግን ያው አዋጅ ሕገ መንግሥቱን ያግዳል፣ ፓርላማውን ይዘጋል፣ ሥራ ማቆምንና ሰላማዊ ሰልፍን ይከለክላል። ከሳሹ በአንድ ወረቀት ዳኛም ሆነ፣ ንጉሥም ሆነ። ኅዳር 14 ወደ 60 የሚጠጉ ባለሥልጣኖች ያለ ፍርድ ተረሸኑ። ንጉሡ ራሳቸው ችሎት ሳይቀርቡ በዓመቱ ነሐሴ ላይ ሞቱ። (አያችሁ፣ «ራሳቸው» አልኩ። እጄ ነው።) ተረቱ ዘውዱ ከወደቀ በኋላም ሳይሻር ቀረ፤ ወርደዋል፣ አልተከሰሱም።

አዋጅ የሚለው ቃል ራሱ እኮ የንጉሥ ነው። ነጋሪት ተጎስሞ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ ተብሎ የሚወርድ ነገር ነው። የአሜሪካኖቹን ጽሑፍ «የነጻነት አዋጅ» ብለን ስንተረጉም ሳናስበው ሕዝቡን ዙፋን ላይ አስቀምጠነዋል። ጽሑፉም መጨረሻው ላይ ይህንኑ ያደርጋል፤ «እሱ» ይቆማል፣ «እኛ» ይጀምራል። በአማርኛ አዋጅ ውስጥ «እኛ» ይል የነበረው ንጉሠ ነገሥቱ ነው፤ አንድ ሰው ሆኖ ብዙ። 56 ሰዎች ፈርመው ያንን ቃል ወሰዱት። አንዲት ሴት የለችበትም፣ አንድም ባሪያ፣ አንድም ነባር።

የእኛም የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በ«እኛ» ይጀምራል፤ ከቃሉ ቀጥለው የሚመጡት ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ናቸው። ድሬ ደግሞ ከየትኛውም ክልል ያልሆነች፣ ለፌዴራሉ መንግሥት ተጠሪ የሆነች ከተማ ናት። ሳቢያን ውስጥ አንድ ግቢ ውስጥ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና አማርኛ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይወራል፤ እዚያ ያደገ ልጅ ቅጽ ላይ ብሔር የሚለው ባዶ መስመር ጋ ሲደርስ እስክሪብቶውን ይነክሳል። እኔ የአዋጁን ትርጉም እስከ 27ኛው ክስ አድርሼዋለሁ፣ «በተነ» ብዬ። «እኛ» የሚለው አንቀጽ ግን ገና ነው።